ሁለት ጣባ ለደጉ

አጎቴ አቶ ሀብተሥላሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምግብ ላይ ግን መከራ ነበር። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርት ካየ ገበታውን ጥሎ ይነሣል። ጎመን ለእሱ ሣር ነው፣ ዓሣ እባብ ነው፣ የሰው ቤት ወጥ ደግሞ በማን እጅ እንደ ተሠራ አይታወቅም። ሠርግ ሲጠራ ደረቅ ዳቦ በኪሱ ይዞ እንደሚሄድ ልደታ ሁሉ ያውቃል።

ሥራው ኮርቻ መስፋት ነበር። ጣልያን ከገባ ወዲህ ኮርቻ የሚያሠራ ሲጠፋ የመኪና ወንበር ቆዳ ወደ መጠገን ዞረ። አንድ ቀን አንድ ጣልያን ሥራው ደስ ቢለው የቆርቆሮ ሥጋ ሰጠው። አጎቴ ከፍቶ አሸተተና ሰውዬው ዞር ሳይል ለውሻ ደፋው። ሰፈሩ በሙሉ "የጠላት እህል አልቀምስም አለ፣ ወንድ!" እያለ ሲያወራ ከረመ። የአገር ፍቅሩን አልጠራጠርም፤ ያን ቀን ግን ሽታው ነው ያስጠላው።

እንዲህ ያለው ሰው ነው ታናሽ ወንድሙን፣ ደጉ የሚባለውን አባቴን ያሳደገው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አባቴ ስድስት ዓመቱ ነበር። አጎቴ ሚስት ሳያገባ፣ ሽሮውን ራሱ እየሠራ ለአቅመ አዳም አደረሰው። አባቴ ደግሞ ሲጎረምስ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቅቤ የሚነግዱትን የጉራጌውን የአቶ ጴጥሮስን ልጅ፣ ወርቅዬን ወደደ። ከእሷ ሌላ አላገባም አለ።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ "እስቲ እናስብበት" ተብሎ ተመለሰ። ምክንያቱ ኋላ ተሰማ። አጎቴ ከዓመት በፊት ከአንድ ጉራጌ ለቅሶ ቤት የቀረበለትን ቆጮ ሳይነካ ተነሥቶ ሄዶ ነበር። አቶ ጴጥሮስ ይህን ሰምተው ኖሮ፣ "ምግባችንን የናቀ ልጃችንን ያከብራል?" ብለዋል።

"እኔ እኮ የማንንም አልበላም!" አለ አጎቴ ደንግጦ።

"እሱን ለእነሱ አስረዳ፣ ጋሼ" አለ አባቴ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በዚያ ቤት እህል አልቀምስም የማለት መብት የአጎቴ ብቻ ነበርና፣ ነገሩ መክበዱ ያኔ ገባው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ከጎረቤቱ ከአቶ ተክለጻድቅ ጋር ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ተነሣ። ሽማግሌ ሦስት ቢሆን ያምራል፤ በዚያ ዘመን ግን ሦስት አበሻ አብሮ ሲሄድ ለጣልያን ዘብ አድማ ይመስለዋል። ሁለት ሆነው ሄዱ።

አቶ ጴጥሮስ "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

አቶ ተክለጻድቅ እንደ ደንቡ ቆመው፣ "የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም" አሉ።

"እኛ ደግሞ" አሉ አቶ ጴጥሮስ ረጋ ብለው፣ "ቤታችን ካልበላ ሰው ጋር የልጅ ነገር አንነጋገርም።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፌ ክትፎውን በጣባ፣ በሸክላው ሳህን፣ ቆጮውን በኮባ ቅጠል አቅርበው ቆሙ። ክትፎው ላይ ቅቤ ይንሳፈፋል። አጎቴ ዕድሜ ልኩን ጥሬ ሥጋ በአፉ አልዞረም። ቆጮው ደግሞ ያው ከለቅሶ ቤት ያባረረው ሽታ አለው።

ደንቡን ቢይዝ ሆዱ ይተርፋል፤ ሽማግሌ ልጅቱን ሳይሰጡት አይበላማ! ማንም አይቀየመውም። "ማምለጫ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር" ይለኝ ነበር ኋላ።

ተቀመጠ።

"ሀብቴ! ሳይሰጡን?" አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

"እጄን ያስታጥቡኝ፣ እመቤቴ" አለ አጎቴ ለወይዘሮ ትርፌ።

ቆጮውን ቆርሶ፣ ክትፎውን ጠቀለለና ዐይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ቶሎ ለመገላገል ሳያላምጥ ይውጥ ጀመር። ላብ በግንባሩ ወረደ። አቶ ተክለጻድቅ ሊያግዙት እጃቸውን ቢሰዱ፣ የተሸነፈ እንዳይመስል ጣባውን ወደ ራሱ ሳበ። ጥርግ አደረገው።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰው ቤት በልቶ የማያውቅ ሰው ባዶ ሳህን ምን እንደሚያመጣ ከየት ይወቀው? ትንሽ አስተርፎ "ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ማለት ነበረበት። ወይዘሮ ትርፌ ባዶውን ጣባ ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ውይ፣ ወደዱት!" ብለው ሁለተኛውን ሞልተው አመጡ።

አቶ ተክለጻድቅ እንደሚሉት፣ አጎቴ ያን ጊዜ ጣራውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ከዚያ ከመጋረጃው ሥር ብቅ ያሉትን የወርቅዬን እግሮች አየ። በላ። በመጨረሻ ትንሽ አስተረፈ፤ ተምሯል።

አቶ ጴጥሮስ ሲያዩት ቆይተው ሳቃቸው መጣ። "አቶ ሀብተሥላሴ፣ እንዳልወደዱት ፊትዎ ይናገራል" አሉ። "ለወንድሙ ብሎ እንዲህ የሚበላ ሰው ቤት ግን ልጄ አትጎዳም። ሰጥተናል።"

አባቴ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አጎቴ ሆዱን ይዞ ቀስ እያለ ሲመጣ አይቶ እምቢ የተባሉ መሰለው።

"ጋሼ፣ ምን አሉ?"

አጎቴ ሁለት ጣቱን አነሣ። "ሁለት ጣባ" አለ። "ክትፎ፣ ከነቆጮው።"

ነገሩ ለአባቴ ገባው። ሌላ አልጠየቀም። መንገዱ ላይ ተንበርክኮ የወንድሙን ጉልበት ሳመ።

"ተነሥ፣ ተነሥ" አለ አጎቴ። "ሂድና ሽሮ ጣድልኝ። ሽንኩርት እንዳታሳየኝ።"