ጠብቋል፤ ይውረዱ

ይህ የሆነው ባለፈው መኸር ነው። የማልረሳው፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የሳቅሁበት ቀን ስለሆነ ነው።

የምኖረው በሰው አገር፣ ቡርንስቪል ከተማ ሲሆን የምሠራው አጠገቧ ባለችው ኢገን፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ወደ ሥራ ታደርሰኝ የነበረችው ጓደኛዬ ሌላ ከተማ ስለሄደች፣ ቆሞ የከረመውን የባለቤቴን መኪና ከሰኞ ጀምሮ መንዳት ግድ ሆነብኝ። ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቴ ደረጀ ይህን ሲሰማ፣ «እትዬ፣ መጀመሪያ ዘይቱ ይቀየር» ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት መኪናው ሥር ገባ። እኔን ግን «ብርድ ነው፣ ቤት ይግቡ» አለኝ።

ጥቂት ቆይቶ መልእክት ላከልኝ። «ጠብቋል፤ ይውረዱ» ይላል።

ባለቤቴ ሁልጊዜ ሞተር አስነስቶ እዚያው መኪና ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ማን ይሆን የጠበቀኝ ብዬ ሳላስብ፣ ካፖርቴን ደርቤ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ከመኪናው ሥር ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ።

«ማነው የጠበቀኝ?» አልኩ።

«ኧረ የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነው የጠበቀው፣ እትዬ! አልፈታ አለኝ። ጋሼ በምናቸው ነው ያሰሩት?»

ለካ ጽሑፉ አንድ ነው። «ብ»ን ማላላት ሲገባኝ አጥብቄ አንብቤዋለሁ። ሳቄ መጣ። ባለቤቴም ማላላት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ የበርበሬውን ዕቃ ክዳን እንኳ እሱ ከዘጋው እሱ እስኪመጣ አይከፈትም።

ደረጀ አልሳቀም። «በካቻቢቴ ብበሳው ሊቀደድ ይችላል። ከተቀደደ ደግሞ ሰኞ መኪና የለዎትም። የቆዳ ቀበቶ ይኖርዎታል? እኔ እንደሚያዩኝ በቱታ ነኝ።»

ከሐዘኑ ወዲህ ያልነካሁትን ቁም ሳጥን ከፈትኩና የባለቤቴን ቡናማ ቀበቶ ይዤ ወረድኩ። ደረጀ ፊልትሮውን ጠርጎ ቀበቶውን ጠመጠመበትና ሳበ። ተንሸራተተ። እንደገና ጠምጥሞ ሳበ። ከዚያ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ራሳቸው አስረው ራሳቸው ፈቱት» አለ ደረጀ።

አዲሱን ሲያስገባ፣ «እባክህ፣ ሰው የሚፈታው አድርገህ እሰረው» አልኩት።

«በእጅ ብቻ ነው፣ እትዬ። ለጋሼ እንዳይነግሩብኝ።»

ቀበቶው ዘይት ነክቶታል። ወደ ቁም ሳጥኑ አልመለስኩትም፤ መኪናው ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነሳና እስኪሞቅ ቁጭ እላለሁ። አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ደስም ይለኛል።