የቴሌቪዥኑ ምርቃት

አዳዲስ መምህራንን ቴክኖሎጂ ማሠልጠን ሥራዬ ነው። ከሮቤ በባጃጅ፣ ባጃጅ በማይደፍረው መንገድ ደግሞ በጋሪ እየሄድኩ ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚከፈት፣ ፍላሽ የት እንደሚሰካ አሳያለሁ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል አልነበርኩም።

ከጎባ ወዲህ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ካሠለጠንኳቸው አንዷ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች፤ የጊኒር ልጅ፣ ድምጿ ቀስ ያለ። የሙከራ ጊዜዋ አልቆ የምትገመገምበት ቀን ደረሰ። ገምጋሚ ፊት በቴክኖሎጂ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምራ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ ካላለፈች ሻንጣዋን ይዛ ወደ ጊኒር። አባቷ ግን ልጄ ቋሚ ሆነች ብሎ ለአገር ምድሩ አውርቶ ጨርሷል። ምን ይባላል!

ትምህርቷ ስለ ልብ ነበር። ልብ ሲመታ፣ ደም ሲገባና ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አብረን መርጠን ፍላሽ ላይ ጫንን። ቴሌቪዥኑ ወላጆች አዋጥተው የገዙት፣ ትልቅና አዲስ ነው። መብራት እንደ ልማዱ ስለሄደ ጄኔሬተር ተዘጋጀ። ቤንዚን ያን ሰሞን እንደ ሽቶ በጠርሙስ ነበር የሚሸጠው፤ ያገኘናት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ የምትበቃ ነበረች።

ርዕሰ መምህሩ ግን፣ በወላጅ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ሳይመረቅ አይነካም ብሎ የሰፈሩን ትልቅ ሽማግሌ ጠርቶ ኖሯል። ይመረቅ፤ ምርቃት የሚጠላ የለም። ጄኔሬተሩ ከምርቃቱ በኋላ ይነሳ ብል ግን ሽማግሌው ቴሌቪዥኑን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ የተኛ ነገር አይመረቅም አሉ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ልቡ ስክሪኑ ላይ ድም ድም ማለት ጀመረ፤ ሽማግሌውም እጃቸውን ዘረጉ።

መጀመሪያ ዝናቡን መረቁ። ከዚያ ስንዴውን፣ ከዚያ ከብቱን፣ ከዚያ ወደ ሼክ ሁሴን የሚሄደውን መንገደኛ። እኛ "አሚን" እንላለን፣ ጄኔሬተሩ ቤንዚኑን ይጠጣል። ርዕሰ መምህሩን በክርኔ ጎሰም ባደርገው አፈጠጠብኝ፤ ምርቃት አይቋረጥማ። በስንት መከራ ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሱ። "አላህ ለልጆቻችን የማትነጥፍ ላም ያድርግህ" አሉት። አሚን ከማለታችን ጄኔሬተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ዝም አለ።

መምህርቷን ቀና ብዬ ለማየት እንኳ ፈራሁ። ሽማግሌው ግን ሥራቸውን እንደ ጨረሰ ሰው ደስ ብሏቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ገምጋሚው ኮስታራ ሰው ነው። መብራት ከሌለ ቴክኖሎጂ የለም፣ ቴክኖሎጂ ከሌለ ግምገማ የለም፣ ስለዚህ አላለፈችም አለ። በቃ። ብዕሩን ከድኖ ኪሱ ከተተ። ሮቤ ሄጄ ቤንዚን ላምጣ ብዬ ለመንኩት፤ አይሆንም። እሷ እንባዋ ቀርቦ፣ "ልጆቹ ቁጭ ብለዋል፤ ላስተምራቸው" ብቻ አለች። ገምጋሚው ትከሻውን ሰበቀና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መጠቆሚያ ዱላዋን አንስታ ከጠቆረው ስክሪን አጠገብ ቆመች። ልቡ ይሄው ነው ብላ መሀሉን ነካች። በዚህ በኩል ጠቆር ያለው ደም ይገባል፤ እጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉ፣ ተሰማችሁ? አሁን ይሄ በር ተከፈተ። ልጆቹ አንገታቸውን ይዘው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። እየተንጠራሩ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። ከምን? ከምንም! ሽማግሌው ደሙ የት ደረሰ እያሉ አጠገባቸው ያለችውን ተማሪ ይጠይቃሉ። እኔም ልዋሽ አልችልም፣ በሩ ሲከፈት አየሁት።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ገምጋሚው ነው፣ አንገቱን አስግጓል።

"እስቲ ትንሽ ዘወር በይ፣ መምህርት" አለ፤ "የግራው ክፍል አይታየኝም።"

ዘወር አለችለት። ያለፈችው በዚያች ደቂቃ ነው፤ ውጤቱን የነገረን ግን ከምሳ በኋላ ነው፣ ያውም እንደ ተቆጣ።