የሩጫ ዳኛ

ልጅ እያለሁ የሰፈራችን ልጆች ሲሽቀዳደሙ ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። መርጠውኝ አይደለም፤ መሮጥ የተከለከልኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ልጆቹ ከደጃችን ተነሥተው ሜዳው መካከል ያለውን ዋርካ ዞረው ሲመለሱ፣ እኔ የተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ቁጭ ብዬ ማን እንደቀደመ እናገራለሁ። ፍርዴን የሚቃወም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው እግር ስታይ የምትውል ልጅ ማን እንደቀደመ አይጠፋትም። ቅልብልቦሽ ላይ ደግሞ የሚያሸንፈኝ አልተገኘም። ተቀምጠው የሚጫወቱት ነገር ሁሉ የኔ ነበር።

የተወለድኩት ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ ሩዝ የሚባል ነገር አናውቅም፤ ሜዳው የጤፍ፣ የጓያና የከብት ነበር። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ከአፉ ሞልቶ ሲወጣ ቤታችን ያለበት ጉብታ ደሴት ይሆናል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ የጭቃና የበሰበሰ ሣር ሽታ እስከ መስቀል ድረስ ቤት ውስጥ ይከርማል። የዕድሜ እኩዮቼ ይህን ሽታ ሲያነሱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ “ወይ ያ ዘመን!” ይላሉ። ያ ዘመን ለኔ ምን እንደነበረ አልነግራቸውም፤ ጨዋታቸውን እንዳላበላሽባቸው ነው።

ታላቅ ወንድሜ አበጀ የሞተው በውቂያ ሰሞን ነው። ሲነጋ ጀምሮ አውድማው ላይ በሬዎቹን ሲያዞር አረፈደና ጥላ ሥር ገባ፤ ጠላ ሰጡት፤ ቅሉን ከአፉ ሳያወርድ ወደቀ። ውኃ ቢረጩት፣ ቢያራግቡት፣ ስሙን ቢጠሩት አልተነሣም። ታሞ አያውቅም ነበር፤ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም። ለቅሶ የተቀመጡት ሽማግሌዎች “ልቡ ቀጥ ብሎበት ነው” አሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ የሚቆም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ለእማየ የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከለቅሶው በኋላ ጧት ጧት እየመጣች እጇን ደረቴ ላይ ታሳርፍ ጀመር። ሻካራ እጅ ነበራት፤ አመድና ቅቤ ይሸታል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። እየቆየ ግን ያ እጅ ሲመጣ ትንፋሼን መያዝ ለመደብኝ። ትንፋሼን ስይዝ ልቤ ይደልቃል፤ ልቤ ሲደልቅ የእማየ ፊት ይጠቁራል፤ ፊቷ ሲጠቁር እኔ መሞቴ ነው ብዬ እሸበራለሁ፤ ያን ጊዜ ልቤ ጭራሽ ይብስበታል። በሽታውን ሁለታችን ተጋግዘን አሳደግነው ብል ሐሰት የለውም። በኋላ የእማየም እጅ አላስፈለገኝ። ጓያ ስለቅም፣ ቅል ሳጥብ፣ በመካከሉ ቀጥ እልና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። አለ? አለ። ትንሽ ቆይቼ እንደገና አዳምጣለሁ።

አባየ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ግን እሳት ዳር ቁጭ እንዳለ “መስከረም ሲመጣ እሷ ወረታ ገብታ ትማር” አለ። ለአበጀ ያሰበውን ወደኔ ማዞሩ ነበር። ወረታ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ ሙሉም እንደምትገባ ተነግሯት ስለነበር ሁለታችን አብረን እንድንሄድ ታሰበ። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መላክ በዚያን ጊዜ ሰው አፉን ይዞ የሚያወራው ነገር ነው። እኔና ሙሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራችን እሱ ሆነ፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የቃረምነውን ፊደል አመድ ላይ በጭራሮ እየጻፍን እንውላለን። “መ” ላይ ስንደርስ ሁለቱን ክቦች እኩል ማድረግ አቅቶን የሳቅነው ሳቅ ትዝ ይለኛል። ያ ሳቅ ከልጅነቴ ለራሴ ያስቀረሁት ነው።

የአባየ ታላቅ እኅት እትየ ጥሩነሽ ይባላሉ። በሽታ የሚባል ነገር ሁሉ መድኃኒቱ እሳቸው ዘንድ ነው፤ እማየም እሳቸው ያሉትን አትሽርም። የአበጀን ተዝካር ለማውጣት መጥተው እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሲያዩኝ ጠሩኝና አዳመጡኝ። “ይችን ልጅ የወንድሟ ድንጋጤ ገብቶባታል። ወንዛዬ ወስደን ካልነከርናት አይለቃትም” አሉ። በቃ፣ ተቆረጠ። አህያ ተጫነ፤ በሶና ጭብጦ ተያዘ፤ ወንዛዬ ወረድን።

ወንዛዬ ፍል ውኃ ያለበት ነው፤ ሽታው እንደተቀቀለ እንቁላል ነው። ቁርጥማት የያዘው፣ ቁስል አልድን ያለው፣ ልጅ የሌላት፣ ሁሉም የቅጠል ዳስ ጥሎ ተራውን ይጠብቃል። የሴቶች ተራ ሲደርስ እትየ ጥሩነሽ እኔን ይዘው ገቡ። ልማዱ ሕመምተኛው ሕመሙ እስኪለቀው ድረስ እንዲነከር ነው። ባለ ቁርጥማት ጉልበቷ ሲላላላት ትወጣለች፤ ባለ ቁስል ቁስሏ ሲለሰልስላት ትወጣለች። የኔ ሕመም ልቤ ስለሆነ እትየ ጥሩነሽ በአንድ እጃቸው ትከሻዬን፣ በሌላው ደረቴን ይዘው ልቤ እስኪሰክን ድረስ ሊያቆዩኝ ወሰኑ።

ውኃው ያቃጥላል። የገባው ሰው ሁሉ ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ልቤ ከገባሁበት ቅጽበት ጀምሮ ደረቴን ሊያፈርሰው ደረሰ፤ እሳቸውም “ደለቀ! ደለቀ! እየለቀቃት ነው!” ብለው ጮኹ። ዙሪያውን ያሉት ሴቶች እልል አሉ። በደለቀ ቁጥር የበለጠ ይነክሩኛል፤ በነከሩኝ ቁጥር የበለጠ ይደልቃል። “እማየ፣ አውጭኝ!” ብዬ ጮህኩ። እማየ ዳር ቆማ እያለቀሰች “ትንሽ ቻይ፣ የኔ ዓለም፤ ትንሽ ቻይ” ትለኛለች። አውቀውም አልጨከኑብኝ። በመላው ዓለም ከነዚያ ሁለት ሴቶች የበለጠ የሚወደኝ ሰው እንዳልነበረ አውቃለሁ። ነገሩን መራራ ያደረገብኝም ይኸው ነው። ራሴን ስቼ ነው ያወጡኝ።

በዚያ ሰሞን ከወባ መከላከያ ሰዎች ጋር የሚዞር አንድ ድሬሰር የሚባል የሕክምና ረዳት፣ በሽተኛ የሚሰበሰበው እዚያ ነው ብሎ ከፍል ውኃው አጠገብ ድንኳን ተክሎ ነበር። እማየ ራሴን ስቼ ስታየኝ የእትየ ጥሩነሽን ጥበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረች መሰለኝ፣ እንደወጣሁ በቡልኮ ጠቅልላ እየሮጠች እሱ ዘንድ ወሰደችኝ፤ አባየም ተከተለን። “ጌታየ፣ ወንድሟ ልቡ ቀጥ ብሎ ነው የሞተብኝ። ይችን ይዩልኝ” አለችው። ሰውየው የልብ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ጥቂት አዳመጠ።

“ልቧ ደካማ ነው” አለ። “አትሩጥ። አትደንግጥ። ከባድ ነገር አታንሳ።”

“ትምህርት ቤትስ?” አለ አባየ። ድምፁን ሲለምን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ቅርብ ነው?”

“ሜዳውን ማቋረጥ አለበት። ክረምት ሲሆን ውኃ ነው።”

“እንዲያ ከሆነ ይቅርባት።”

ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ከጠጉሬ የሚንጠባጠበው ውኃ የቆመበትን ሸራ አርሶታል፤ ውኃው ገና ትኩስ ነበር። አንገቱን ቀና አድርጎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ትዝ ብየው እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ግን የቀበቶውን ዘለበት ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።

መስከረም ላይ ሜዳው ገና ውኃውን አልጨረሰም ነበር። ሙሉ አዲስ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ በጭቃው እየተንቦጫረቀች ስትሄድ ከደጃፋችን አየኋት። ዞር ብላ “ነይ እንጂ!” አለችኝ። እግሬ ከሙቀጫው ተነሥቶ ነበር። እማየ ከኋላዬ “አንቺ ልጅ፣ በይ ተቀመጭ” አለች። ተቀመጥኩ። ሙሉ መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ እየመጣች የተማረችውን ታሳየኝ ነበር፤ እየቆየ የሷ ትምህርት ሲገፋ፣ የኔ ጥያቄ ሲበዛ፣ ሰለቻት። በሷ አልፈርድም፤ ልጅ ናት።

እንዲህ ሆኜ አደግኩ። እንስራ አላዘልኩም፤ ወፍጮ ላይ አልተንበረከክሁም፤ ሠርግ ላይ እስክስታ አልወረድኩም። አማላጅ ሲመጣ እማየ ራሷ ቀድማ “ልጄ ልበ ድኩም ናት” እያለች ትመልሳቸዋለች፤ እሷ እውነት መናገሯ ነው። እኩዮቼ ሁሉ ወልደው ከከበዱ በኋላ ወረታ ሻይ ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባኝ። ጭምት ሰው ነበር። “ቁጭ ብለሽ ሒሳብ ትቀበያለሽ” አለኝ፤ መቀመጥ ደግሞ የሠለጠንኩበት ሙያ ነው።

ስጸንስ እማየ ልቅሶ ተቀመጠች ማለት ይቻላል። ባሌ ፈርቶ በጭነት መኪና ጎንደር፣ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሙ አስተኝቶ፣ አስቀምጦ፣ ኮሪደሩን አስመላልሶ ልቤን አዳመጠው። “ምንም የለብሽም። ማነው ደካማ ነው ያለሽ?” አለኝ። ነገርኩት። ጥቂት አሰበና “ያን ጊዜ ከየት መጥተሽ ነበር?” ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዘመን ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። “ከፍል ውኃ ወጥቼ” አልኩት። ሳቀ። “እዚያ ተነክሮ የማይደልቅማ የሞተ ሰው ልብ ነው” አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያስቃል ብሎ ነው። እኔም ለይሉኝታ አብሬው ሳቅሁ። ከጎንደር እስከ ወረታ ግን አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ትሞቻለሽ ያሉኝ መስሎት “አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል” እያለ ሲያጽናናኝ መጣ።

በደኅና ወለድኩ። እማየ ልታርሰኝ ስትመጣ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷን አጠቆረች።

“እሱ ምን ያውቃል?” አለች። “እስተ ዛሬ የኖርሽው እኔ ስለጠበቅሁሽ ነው።”

ሐኪሙን ብታምነው እሷ ምን ስታደርግ ኖረች? አበጀን አፈር አልብሳ፣ እኔን ላለመቅበር ስትል ዕድሜዋን እጇን ደረቴ ላይ ጭና ጨርሳለች። ያንን ልቀማት አልቻልኩም። እስክትሞት ድረስ አዳነችኝ ብላ ኖረች፤ እኔም አላፈረስኩባትም። ይቅር ብያታለሁ ለማለት ግን ዛሬም አፌ አይታዘዝልኝም።

እማየም፣ አባየም፣ እትየ ጥሩነሽም፣ ባሌም የሉም። ትሞታለች የተባልኩት እኔ ሁሉንም አልቅሼ ቀብሬ እነሆ አለሁ። ሙሉ አስተማሪ ሆና ጡረታ ወጥታለች፤ ጉልበቷን አሟት በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ስንገናኝ “አንቺማ ጉልበትሽን ለእርጅና አስቀምጠሽ!” ትለኛለች፤ እስቃለሁ። የጎንደሩ ሐኪም ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው የገባው፤ ደረቴ ድረስ አልወረደም። ዛሬም ወረታ መገንጠያው ላይ ባጃጆቹ ሲተራመሱ፣ አንዱ “እማማ፣ ፈጠን ይበሉ!” ብሎ ሲጮህብኝ፣ መንገድ መካከል ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። አለ? አለ።

ባለፈው ጥር የልጄ ልጅ ሰላም ከጓደኞቿ ጋር ልትሽቀዳደም ወደ ትምህርት ቤታቸው ሜዳ ወሰደችኝ፤ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ዙር ሮጠው ሲመለሱ እያለከለከች መጣችና እጄን ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። “እማማ፣ ንኪው እስኪ! እንዴት እንደሚመታ!” አለች። ላብ ላብ ትሸታለች። ልቧ መዳፌ ሥር ይዘላል። ሳላስበው ከአፌ “በይ ተቀመጭ” የሚል ቃል ወጣ። ድምፁ የእማየ ድምፅ ነበር። ደነገጥኩ።

ደግነቱ የዛሬ ልጅ የሚሰማ አይደለም። “ምን ነካሽ እማማ፣ ገና አንድ ዙር አለን እኮ!” ብላ እጄን ጥላ ሄደች። እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። መጨረሻ ላይ ማን እንደቀደመ ልጆቹ ተጨቃጭቀው ወደኔ መጡ፤ ፈረድኩ። ሰላም አልቀደመችም፤ ሁለተኛ ነች። መሮጡን ግን ሮጣለች።