ሳይቀመስ የተቀበረ ድንች

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢደመር ቢባዛ ስንት ይወጣል? ባለርስቱ በመሬቱ፣ ወላጁ በልጁ፣ የተማረው በጻፈው ይለካዋል፤ የቀረው ሰው በምን እንደሚለካ ጠይቆ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ግን ነበረ፣ ድምሩ በመዝገብ የተጻፈለት። ዐሥራ ዘጠኝ ምርት፣ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ ድንች። ሁሉም በእጁ ተቆጥሯል፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ተቀቅሎ ተቀብሯል። ያ አንዱ ተበልቷል፤ የበላው ግን ሰው አይደለም።

በምርምር ጣቢያው ጋሽ ቁጥር ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የሰው ኃይል ክፍሉ ጸሐፊ ብቻ ናቸው እያለ የበሩ ዘበኛ ይቀልድበታል። ሥራው ከጣቢያው ጀርባ፣ በሁለት ረድፍ ሽቦ በታጠረ መሬት ላይ ነበር። ስፋቱ ከትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ አይበልጥም፤ መግቢያውም አንድ ነው። እዚያ የሚበቅለው ድንች ለዓይን ከሌላው አይለይም። ልዩነቱ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ከዱር ድንች አንድ ዘረመል ወስደው አስገብተውበታል። ዘረመሉም ድንቹ ቅጠል አጠቁር ሻጋታ ሲመጣበት እጅ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ነው።

ያን ሻጋታ ጋሽ ቁጥር ከተመራማሪዎቹ ቀድሞ ያውቀዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ በአባቱ ማሳ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ቅጠሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ፤ በሳምንቱ ከአፈር ስር ያለው ድንች በጣት ሲነኩት የሚፈስ ሆነ። ሽታው ከልብስ አልወጣ ብሎ ሰነበተ። አባቱ ዶማውን ማሳው መሃል ጥሎ ቤቱ ገባ፤ እስኪሞት ድረስም ድንች የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። መሬቱ ለታላቅ ወንድሙ ተረፈ። ወንድምየውም በየሳምንቱ የመድኃኒት መርጫ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ እየሳለ፣ ከዚያው ሻጋታ ጋር ሲታገል ኖረ።

ስለዚህ ወጣቷ ዶክተር ከትምህርቷ ተመልሳ ጣቢያው ውስጥ ረዳት ስትፈልግ፣ ችግኝ ሦስት ጊዜ የሚቆጥረውን የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ጋሽ ቁጥርን መረጠች፤ እሱም ጥያቄ አላበዛም። መድኃኒት የማይፈልግ ድንች ነው አለችው። በቃ፣ ለእሱ ይህ በቂ ነበር።

ደንቡ ግን በዝቶ የተጻፈ ነበር። ቦት ጫማው ከአጥሩ አይወጣም። ሲገባም ሲወጣም እግሩን መድኃኒት ባለበት ገንዳ ይነክራል። ካፖርቱ ኪስ እንዳይኖረው ታዘዘና፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ኪሶቹን በራሷ የስፌት መኪና ደፈነቻቸው፤ ኪስ የሌለው ባል አግብቼ ቀረሁ እያለች። ድንች ሲያብብ ማሳው ያምራል። ጋሽ ቁጥር ግን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የራሱን ማሳ አበባ አላየም፤ ብናኙ በንብ እግር ከአጥር እንዳይሻገር እምቡጡን ሳይፈነዳ በየማለዳው ይቀነጥሰዋል። በጎረቤት ማሳ ሻጋታው ሁሉንም አጥቁሮ ሲጨርስ፣ የእሱ ድንች በአጥሩ ውስጥ ለምልሞ ይቆማል። ይህን የሚያዩት እሱ፣ ዶክተሯና የሚበሩ ወፎች ናቸው።

ምርት ሲደርስ ከእያንዳንዱ ግንድ ስር የወጣውን ይቆጥራል፤ በሣጥን ያሳድራል፤ በማግስቱ በትልቁ የእንፋሎት ማሽን አፍ ላይ ደግሞ ይቆጥራል። ዘሩ እንዳይበቅል በእንፋሎት መሞት አለበትና ማሽኑ ሁሉንም ይቀቅለዋል። ቀትር ላይ ጣቢያው በተቀቀለ ድንች ሽታ ይታወዳል። ሾፌሮቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ምሳ ደረሰ ወይ ይሉታል። እሱ ትኩሱን ድንች በጋሪ እየገፋ ወደ ጉድጓድ ይወስድና ኖራ ይነሰንስበታል። ለፍቶ ያልተመሰገነ ሰው እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ይላል፤ የእሱ እጅ ኖራ እያፈሰ ኖረ።

በዐሥረኛው ዓመት ታላቅ ወንድሙ ሊጠይቀው ከገጠር መጣ። በዚያ ክረምት ማሳው ሙሉ በሙሉ ጠቁሮበት ነበር። አመሻሹ ላይ ከቤቱ በረንዳ ተቀምጠው፣ ጋሽ ቁጥር ስለ ዘረመሉ፣ ስለ ሻጋታው፣ ዶክተሯ ስላሳተመችው ጥናት ሲያስረዳው፣ ወንድምየው ጣቱን ያንቋቋ ነበር።

“ሌላውን ሁሉ ተወው፤ ይጣፍጣል ወይ?” አለው በመጨረሻ።

“አላውቅም።”

“ዐሥር ዓመት አብስለህ?”

“መብላት አይፈቀድም፣ ወንድም ጋሼ።”

ወንድምየው ሳቀ፤ ከዚያም ሳለ። “እንግዲያው አንተ ገበሬ አይደለህም፤ ቀብር አስፈጻሚ ነህ።” ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። “በእኛ በኩል የሚወራውን ሰምተሃል? የበላው ሰው ሆዱ ውስጥ ይበቅላል ይላሉ። እኔ እንደሱ አልልም። ግን ወረቀት አልበላም። አንተ ቅመሰውና እንዲህ እንዲህ ይላል በለኝ፤ አንተን አምናለሁ። አንተ ካልቀመስከው ግን፣ ነገ በነጻ ቢሰጡኝም አልተክለውም።”

ጋሽ ቁጥር ይህን ቃል እንደ እሾህ ይዞት ቀረ። ነገሩን ሲያስበው ወንድሙ የጠየቀው ትንሹን ጥያቄ ነበር፤ እሱ ግን ለትልልቁ ሁሉ መልስ አዘጋጅቶ ለትንሹ ባዶ እጁን ተገኘ። ሰው ስለ አንድ ነገር ስንት ዓመት ቢማር፣ ስንት ቁጥር ቢያውቅ፣ ምላሱ ያላወቀውን ለወንድሙ ሊመሰክር አይችልም። ምስክርነት ከዕውቀት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ ቀላል አደረገችው። አንዱን በኪስህ ብትከተው ሰማይ አይደፋም አለች።

“በየትኛው ኪስ?” አላት። “አንቺ አይደለሽ የሰፋሽው።”

“የሰፋች ትፈታለች” ብላ መቀሷን አነሳች፤ እንደመቀለድ፣ እንደማምረርም። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ከሰረቅኩት ለወንድሜ ምን ብዬ ልንገረው፤ የሰረቅኩት ጣፈጠኝ ልበለው? አለ። ሚስቱ ድርቅናውን ታውቃለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ያ ድርቅና በዐሥራ ሁለተኛው ምርት ዋጋ አስከፈለው። ማታ በሣጥን ያስቀመጠው አራት ሺህ አራት መቶ ስድስት ነበር፤ ጧት በማሽኑ አፍ ላይ አራት ሺህ አራት መቶ አምስት ሆነ። ሦስት ጊዜ ቆጠረ። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ አምስቷን ስድስት አድርጎ ቢጽፍ አንድም ሰው አይጠረጥርም። ካፖርቱን አውልቆ፣ እግሩን ነክሮ፣ ወደ ዶክተሯ ቢሮ ሄደና አንድ ጎድሎብኛል አላት። ዶክተሯ ፊቷ አመድ መሰለ። ባትነግረኝ ኖሮ ማለት ፈልጋ እንደተወችው አየ።

የምርመራ ቡድን መጣ። ሥራው ለጊዜው ታገደ። ቤቱ ድረስ ሄደው የወጥ ቤት ቅርጫቱን አዩ። ጋሽ ቁጥርም በቁጥጥር ጉድለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሣጥኖቹ የሚያድሩበት መጋዘን ወለል ሲቆፈር የአይጥ ጉድጓድ ተገኘ፤ በውስጡ ግማሹ የተበላ ድንች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ዶክተሯ ማስጠንቀቂያው ይነሣለት ብላ ጻፈች። የማኅደር ክፍሉ ሰው ግን ወረቀት ወደ ማኅደር ይገባል እንጂ አይወጣም አላት፤ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ።

ወንድሙ ይህን በስልክ ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አይጧ ታዲያ ምን ሆነች አለው። አልተገኘችም ሲለው፣ አየህ፣ ከበላች በኋላ ሩጫ ጨምራለች፤ እንግዲህ የሚመሰክርልን እሷ ናት አለ። ጋሽ ቁጥርም አብሮት ሳቀ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ነገሩን መልሶ አሰበው። የዚያን ድንች እምቡጥ የቀነጠሰው፣ ከአረም የጠበቀው፣ ከአፈር ያወጣው እሱ ነው፤ የመጀመሪያዋ ቀማሽ ግን አይጥ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ውሳኔ በመጠበቅ አለፉ። ድንቹ ለገበሬ ይሰጥ አይሰጥ ብሎ የሚወስን ኮሚቴ ነበር። አንዴ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፤ አንዴ ተጨማሪ ጥናት ይቅረብ፤ አንዴ ሰብሳቢው ተቀየሩ። ዶክተሯ ፀጉሯ ሸበተ። በየዓመቱ የሚቀርበውን ጥናት በየዓመቱ ታቀርባለች፤ ጋሽ ቁጥርም በየዓመቱ ያንኑ ድንች ተክሎ፣ ቆጥሮ፣ ቀቅሎ ይቀብራል። ውሃ መውቀጥ ለሚሉት ነገር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። እሱን ያበሸቀው ግን እምቢታው አልነበረም። እምቢ የሚል ሰው ይሟገቱታል፤ ይደረስበታል ለሚል ሰው ምን ይሉታል?

በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ሥራው እንዲዘጋ ተወሰነ፤ ጡረታውም ከዚያው ጋር ገጠመ። ከመጨረሻው ምርት ሦስት ወር አስቀድሞ በእጅ ጽሑፉ ማመልከቻ አስገባ። ድንቹ ከእንፋሎት ማሽን ሲወጣ የሞተ ስለሆነ ሊበቅል እንደማይችል፣ ከዚያ አንድ ብቻ፣ በአጥሩ ውስጥ ቆሞ፣ ምስክሮች ባሉበት መቅመስ እንደሚፈልግ፣ ልጣጩን ቆጥሮ እንደሚመልስ፣ ለጤናው ራሱ ኃላፊ መሆኑን ገለጠ። ምክንያት በሚለው ስር፦ ወንድሜ ስለጠየቀኝ፣ ብሎ ጻፈ።

የመጨረሻው ምርት ቀን ከኮሚቴው አንድ ተቆጣጣሪ ማኅደር ታቅፎ መጣ። ቀትር ላይ ማሽኑ ተከፈተ። የድንቹ ልጣጭ ተሰነጣጥቆ ውስጡ እንደ ዱቄት ነጣ። ጋሽ ቁጥር ቆጠራውን ጨርሶ ፈረመና ቀና አለ።

“ጌታዬ፣ ማመልከቻዬ ደርሷችሁ ነበር?”

“ደርሷል። ታይቷል።”

“ታዲያ?”

“ፈቃዱ ለመትከል ነው፤ ለመብላት አይልም።” ተቆጣጣሪው ማኅደሩን ገለጠ። “ደግሞ ከዚህ በፊት አንድ ጎድሎብዎታል።”

“መጉደሉን የነገርኳችሁ እኮ እኔ ነኝ።”

“እሱማ ነው።”

“አይጥ ነበረች።”

“እሱም ተጽፏል። ማስጠንቀቂያው ግን አለ።”

ዶክተሯ ጣልቃ ገብታ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ አለች። ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱም እፍረት ነበረበት። ለአንድ ሰው ብፈቅድ ነገ ሳይፈቀድ ሰው ላይ ሞከሩ ይባላል፣ ያኔ የእርስዎ የሃያ ዓመት ሥራ አብሮ ይቀበራል አላት። እውነቱን ነበር። ዶክተሯ ወደ ጋሽ ቁጥር ዞረች፤ “ጋሼ…” አለችና የቀረውን አልጨረሰችውም። እሱም አላስጨረሳትም፤ አካፋውን አነሣ። ከጋሪው አንዱ ተንከባልሎ ቦት ጫማው ጋ ቆመ፤ አጎንብሶ አነሣው። እጁን ሲያቃጥለው ጥቂት ያዘው። ተቆጣጣሪው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ምናልባት ሆን ብሎ ነው፤ ምናልባትም አይደለም። ጋሽ ቁጥር ድንቹን ከሌሎቹ ጋር ጣለውና ኖራውን ነሰነሰ።

በዚያው ክረምት ወንድሙ ደወለ። ማሳው እንደገና ጠቁሯል፤ በዚህ ጊዜ ድንቹን ከሥሩ ነቅሎ በመሬቱ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሏል። ስለ ጣዕሙ አልጠየቀውም። ጋሽ ቁጥር ራሱ ሊያነሣው ሲል፣ ግድ የለም፣ እኔም ድንች ትቻለሁ አለው፤ አባታቸው ዶማውን በጣለበት ድምፅ።

የድንቹ ዘር አልጠፋም። ዶክተሯ ጥቂት ቡቃያ በጠርሙስ ውስጥ፣ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ፣ ለሚመጣው ጊዜ አኑራለች። ጋሽ ቁጥር በተሰናበተበት ቀን አንድ የመውጫ ቅጽ ተሰጠው፤ በመጨረሻው መስመር ላይ አስተያየት ወይም ጥያቄ ካለዎት ይላል። ሌላው ሰው የለም ብሎ የሚያልፈውን እሱ ቆሞ ሞላው። ጸሐፊው ሳያነበው ማኅተም መታበትና ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በላይ አስገባው። እነሆ ስድስት ዓመት አለፈ፤ የደወለለት የለም። የጻፈው ይህ ነው፦

“ወደፊት ፈቃድ ተገኝቶ ይህን ድንች የሚቀምስ ሰው ቢኖር፣ ይጣፍጥ እንደሆነ ከታች በጻፍኩት ስልክ ይንገረኝ። ካልጣፈጠም ይንገረኝ።”