ቀጨሞ አፋፍ ላይ የወደቀችው ሳጥን

ዚነት የደባርቅ ልጅ ናት። አባቷ ባሽር ከገበያው መግቢያ ላይ አቡጀዲና ብርድ ልብስ፣ የልጆች ልብስና ጋቢ ይሸጣል። የሱቁን ጠባይ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ክረምቱ ደግ የሆነ እንደሆነ ገበሬው በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉን ከአህያ ላይ አራግፎ በቀጥታ ወደ ሱቁ ይገባል። ዝናብ የከዳው ዓመት ግን ባሽር በሩ ላይ ተቀምጦ የሙሰብሃውን ጨሌ ሲቆጥር ይውላል። "ጨርቅ የሚሸጠው ደመና ነው" ይል ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአየር ጠባይ ሳይንስ ስትመርጥ ዘመድ ሁሉ ሲገረም እሱ ብቻ አልገረመውም።

ትምህርቷን ጨርሳ ጥቂት ዓመት ሌላ አገር ሠራች። ከዚያ አንድ የጥናት ቡድን ደባርቅ ላይ ጣቢያ ከፍቶ ቀጠራት። ጥናቱ የሰሜን ተራሮች ክረምት ከሩቅ ውቅያኖሶች ጋር ያለውን ዝምድና የሚመረምር ነበር። ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት እንዲህ ብላ ታስረዳለች፦ "እዚህ የሚዘንበው ውሃ ከባሕር የተነሣ እንፋሎት ነው። ነፋስ ተሸክሞ ያመጣልናል። ነፋሱን የሚያበረታውም የሚያደክመውም የባሕሩ ሙቀት ነው። ከዓለም ማዶ ያለው ትልቁ ውቅያኖስ ከልኩ በላይ የሞቀ ዓመት፣ ከላያችን በከፍታ የሚሮጠው ነፋስ ይደክማል፤ ክረምታችንም አብሮት ይደክማል።"

ያን ነፋስ ለመለካት በክረምት ጠዋት ጠዋት ትልቅ ነጭ ፊኛ ትለቃለች። ከሥሩ የምትንጠለጠለው ትንሽ ሳጥን ሽቅብ እየወጣች ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና የነፋሱን አካሄድ በሬዲዮ ትልካለች። ፊኛው ከደመና በላይ ወጥቶ ሲፈነዳ ሳጥኗ በቀይ ጃንጥላ ተንሳፍፋ ትወርዳለች። የወደቀችበትን ፈልጎ የሚያመጣት ሾፌሩ ደርቤ ነው። ደርቤ ዛሪማ ተወልዶ ያደገ፣ ቆላውንም ደጋውንም ያካለለ፣ ሳቂታ ሰው ነው።

ነገሩ የደረሰው በሐምሌ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ሳጥኗ የላከችው ልኬት ዚነትን አላስደሰታትም። ከታች ያለው አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ከላይ ያለው ደግሞ ክፉኛ ቀዝቅዟል። እንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ደመና ይነሣል፤ በረዶም ሊያወርድ ይችላል። ልኬቱን አዲስ አበባ ላሉት ኃላፊዋ ላከች። ሳጥኗ ከዳባት በስተምዕራብ፣ ቀጨሞ አፋፍ ከምትባል መንደር አጠገብ መውደቋን ስታይ ደርቤን "ቶሎ ደርሰህ ተመለስ፤ ደመናው ሳይነሣብህ" አለችው። ደርቤም ሄደ።

ከሰዓት በኋላ በዳባት በኩል ሰማዩ ጠቆረና ያጉረመርም ጀመር። ዚነት ስልክ ብትደውል ደርቤ አያነሣም። ቆይቶ ከእሱ ስልክ ተደወለላት፤ ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም።

"ሰውየው እኛ ዘንድ ነው" አለ የማታውቀው ወንድ። "ዕቃውም እኛ ዘንድ ነው። ባለቤቱ ይምጣ።"

"ደህና ነው? እባክዎ ያገናኙኝ።"

"ባለቤቱ ይምጣ አልን።" ስልኩ ተዘጋ።

ጊዜው ደግ አልነበረም። ከሰማይ የሚመጣ ነገር ሁሉ የሚፈራበት፣ የማያውቁት መኪና የሚጠረጠርበት ወቅት ነበር። ኃላፊዋ ሲሰሙ "ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትይ፤ ለጸጥታ ሰዎች አሳውቂና ጠብቂ" አሏት። ዚነት ስልኩን ይዛ ቆመች። የታጠቀ ኃይል መንደሩ ቢገባ መጀመሪያ የሚጎዳው መካከል ላይ የተቀመጠው ደርቤ እንደሚሆን ታያት። ወዲያው የደርቤ ሚስት ዓለምዬ ደወለች።

"ዚኑ፣ ስልኩን አያነሣም። አንቺ ጋ ደውሏል?"

"ኔትወርክ ነው፤ መንገድ ላይ ነው" አለቻት። ይህን ውሸት ከተናገረች በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ መናኸሪያው ሄደች።

እስከ ዳባት በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር ሳይክል ተጓዘች። ከአስፋልቱ ከራቁ በኋላ በረዶው በየቦዩ ተከምሮ ነጭ ሆኖ ታያት። ግራና ቀኝ ያለው ገብስ በበሬ የተሄደበት አውድማ መስሏል። ባለሞተሩ አንድ ዳገት ሥር ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

"ከዚህ ወዲያ አልሄድም እቴ። አገሩ ተቆጥቷል። አንቺም ብትመለሺ ይሻልሻል።"

ቀሪውን በእግሯ ወጣችው። ጭቃው ጫማዋን እየያዘ ያስቀርባታል። ከየግቢው በር ላይ የቆሙ ሰዎች ያዩዋታል፤ ሰላም የሚላት ግን የለም።

ከመንደሩ ጫፍ፣ ከአንድ አሮጌ ወይራ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ደርቤ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ከንፈሩ አብጧል። ሲያያት ቀና አለና መልሶ አንገቱን ደፋ። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ከኋላው ቆመዋል። ሳጥኗ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም አልተጠጋትም።

"እንደምን ዋላችሁ" አለች ዚነት። የመለሱላት አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ነበሩ፤ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ይባላሉ።

አንዳርጋቸው የተባለ ጎልማሳ ገበሬ ከሰዉ መካከል ወጣ። በስልክ ያነጋገራት እሱ እንደሆነ በድምፁ አወቀችው። የተሰባበረ ገብስ በእጁ ጨብጧል።

"ይህን እይው" አለ። "ሊያሸት ደርሶ ነበር። ይህ ዕቃችሁ ጠዋት ከሰማይ ወረደ። ሰውዬሽ ሊያነሣው መጣ፤ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ስንለው በረዶው ዱብ አለ። ገብሴ ሄደ፣ ባቄላዬ ሄደ። ወንዝ ዳር የነበሩትን በጎቼን ጎርፍ ወሰዳቸው። ምን በድለናችሁ ነው?"

"ጋሼ፣ ይህ ዕቃ በረዶ አያመጣም። ይለካል እንጂ አያዝም። ያን ደመና የሚያህል ነገር በዚህች ሳጥን አይነሣም፤ ያንሷትና ክብደቷን ይዩት።"

"አልነካውም።"

"ካሜራው የቱ ላይ ነው?" አለ ከባለጠመንጃዎቹ አንዱ።

"ካሜራ የላትም።"

"እንግዲያስ ክፈቻት።"

ዚነት ድንጋዩ አጠገብ ተንበረከከች። ክዳኑ እምቢ አላት። አንድ ሰው ካራ ወረወረላት። ሳጥኗን ሰንጥቃ ያለውን አወጣችና አንድ በአንድ አሳየቻቸው፤ ባትሪው፣ ሬዲዮው፣ ሙቀት የሚለካው እንደ ጭራ የቀጠነ ሽቦ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ባለጠመንጃው ትከሻው ለቀቅ ሲል አየችና ነገሩ የሚያልፍ መሰላት።

ይህን ጊዜ ቄሱ እያዘገሙ ተናገሩ። "ልጄ፣ እንግዲህ ይህ ዕቃ ላንቺ ይናገራል ካልሽ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ነገረሽ?"

ዚነት ደነገጠች። ደርቤ ቀና ብሎ አያትና በጣም በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። አትናገሪ ማለቱ ነው። "ምንም" ብትል የሚያጣራባት የለም። ነገር ግን አዛውንቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩዋት ነበር። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ መልሱን ለማወቅ የፈለጉ ሰው ናቸው።

"ከሰዓት በኋላ ከባድ ደመና ሊነሣ እንደሚችል ነግሮኛል፣ አባ" አለች። "በረዶም ሊኖረው እንደሚችል። የቱ መንደር ላይ እንደሚወርድ ግን አይነግረኝም። ከደባርቅ እስከ ዳባት የትም ሊሆን ይችል ነበር።"

"ይህንን ለማን ነገርሽ?"

"ለአለቃዬ። ለደርቤም።"

ሰዉ ባንዴ ተንጫጫ። ባለጠመንጃው መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ። አንዳርጋቸው እፊቷ መጥቶ ቆመ፤ የጨበጠው ገብስ ከእጁ ወደቀ።

"ለሾፌርሽ ነግረሽ ለእኛ አልነገርሽም" አለ።

"አዎ" አለች ዚነት።

ከዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት ተነሣች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር፤ በጎቹን ፍለጋ ወንዙን ተከትላ ስትወርድ የቆየችው የአንዳርጋቸው ሚስት የሺወርቅ ናት።

"እስቲ ዞር በል አንተ" አለችው ባሏን። ከዚያ ወደ ዚነት ዞረች። "ብትነግሪንም ገብሱን አናድነውም ነበር። ማሳ አይከደንም። በጎቹን ግን አወጣቸው ነበር። ሁለቱ እርጉዞች ነበሩ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ትደውያለሽ?"

ልኬቱን ለሕዝብ መናገር ለዚነት አልተፈቀደላትም፤ ትንበያ የሚያወጣው ሌላ አካል ነው። ይህንን ስትቀጠር በግልጽ ነግረዋታል።

"አንዳንድ ቀን ደውዬ አይመጣም፣ እትዬ" አለች። "ያን ጊዜ ውሸታም ትሉኛላችሁ።"

"እንላለን" አለች የሺወርቅ። "ቢሆንም ደውዪ።"

ቄስ ሀብተ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ሰውየውን ይዘሽ ሂጂ። ዕቃውንም ይዘሽ ሂጂ። ቃልሽን ግን እዚህ ትተሽልን ሂጂ።"

"አባ፣ ነገ ሌላ ነገር ይዘው ቢመጡስ?" አለ ባለጠመንጃው።

"ቢመጡ እኔን ጠይቁኝ።"

ዚነት የአንዳርጋቸውን ስልክ ቁጥር መዝግባ፣ እንደምትደውል በሰው ሁሉ ፊት ቃል ሰጠች። የደርቤን ስልክና የመኪናውን ቁልፍ መለሱለት። ወደ መኪናው ሲወርዱ ከኋላቸው የእግር ኮቴ ሰሙ፤ አንዳርጋቸው ነው። ደርቤ ደርቆ ቆመ።

"ማሳው ተገልብጦ ሌላ ይዘራል" አለ ገበሬው፣ ፊታቸውን ሳያይ። "ክረምቱ ይቆይልኛል?"

"ዘንድሮ ትልቁ ውቅያኖስ ሞቋል" አለችው። "እንዲህ ባለ ዓመት ብዙ ጊዜ ዝናቡ ቀድሞ ይወጣል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም።"

"አንቺ ብትሆኚስ?"

"ቶሎ የሚደርስ ነገር እዘራ ነበር።"

ወደ መንደሩ ተመለሰ። ደርቤ ዳገቱን እንዳለፈ መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ። ሲረጋጋ ዚነት "ለዓለምዬ ደውልላት" ብቻ አለችው።

ኃላፊዋ የገባችውን ቃል ሲሰሙ ተቆጡ፤ ብትፈጽመው ሥራዋን እንደምታጣ ነገሯት። ዚነት ግን ደወለች። መጀመሪያ የደወለች ቀን አንዳርጋቸው ከብቱን ሁሉ ሰብስቦ ሲጠብቅ ሰማዩ ጠራርቶ ዋለ። ማታ ደውሎ "የእግዜርን ሥራ ለእግዜር ተይለት" አላትና ዘጋባት። በነሐሴ ስትደውል ጭራሽ አላነሣላትም። ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ የሺወርቅ አነሣች። የቀሩትን በጎች ወደ ጉብታው ነድታ እንደጨረሰች ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ወረደ። ጎረቤቶቿም ጩኸቷን ሰምተው ከብታቸውን አውጥተው ነበር።

ዝናቡ ጳጉሜን ሳይገባ ቀጥ አለ። አንዳርጋቸው ለሁለት ከፍሎ ዘርቶ ነበር፤ ግማሹን ጤፍ፣ ግማሹን ስንዴ። ስንዴው ሳያፈራ ደረቀ። ጤፉ ትንሽ ሰጠ፤ ጎተራ የሚሞላ ባይሆንም ዘሩን አትርፎ ቤተሰቡን ከስደት ያቆየ ነው። ሁሉንም ስንዴ የዘሩ ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ከተማ ለሥራ ሰደዱ። ኃላፊዋ በጥቅምት ወደ ደባርቅ መጡና ዳባት ወርደው ገበሬዎቹን አነጋገሩ። ሲመለሱ ስለ መባረር አላነሡም። ማስጠንቀቂያው በግብርና ባለሙያዎች በኩል ለየመንደሩ የሚደርስበትን መንገድ ማፈላለግ ያዙ። ፈቃዱ እስኪመጣ ዚነት በራሷ ስልክ መደወሏን ቀጠለች።

በተከታዩ ሰኔ የሺወርቅ ለገበያ ደባርቅ መጥታ ጣቢያውን ጠይቃ አገኘችው። ፊኛው ተሞልቶ ሊለቀቅ ነበር። ዚነት ገመዱን አስያዘቻት። የሺወርቅ እግሯን አንፈራጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ይጎትታል" አለች።

"ይልቀቁት እንግዲህ።"

ለቀቀችው። እስኪጠፋ አንጋጣ አየችና መሬት ያኖረችውን ዘንቢል አነሣች።

"ስትደውዪ ቀደም አድርጊው" አለቻት። "ወንዙ ወደ እኛ ሲመጣ አያዘግምም።"