ያስቀረሁት ስም

የበረኪና ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ የት እንዳለሁ እስክረሳ ድረስ አማን ከተማ፣ ጁበይሃ ሰፈር ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። ቤት ማለቴ ለወጉ ያህል ነው፤ ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት፣ መስኮቱ የመንገደኛውን ጫማ ብቻ የሚያሳይ አንድ ክፍል ነበር። እናቴ ዘርፌ አንድ ቀን ዳቡቅ፣ አንድ ቀን ኡም ሱማቅ በሚባሉት የሀብታም ሰፈሮች በሰዓት እየተከፈላት የሰው ቤት ስታጸዳ ትውልና፣ ማታ ያንን ሽታ በእጇና በሹራቧ ይዛ ትገባ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በአረብኛ እየተማርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደግሞ ከዲያቆኑ ዘንድ ፊደል እየቆጠርኩ፣ ከእናቴ ቀድሜ አማርኛ ማንበብ በመቻሌ ትንሽ ልቤ አብጦ ነበር።

የእኛ እሑድ ዓርብ ነበር። አሠሪዎች ዕረፍት የሚሰጡት በዚያ ቀን ስለሆነ፣ ከአረብ ክርስቲያኖች በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን የምናስቀድሰው ዓርብ ጠዋት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው በሰርቪስ ታክሲ እየተጨናነቁ ይመጡና፣ በሩ ላይ ጃኬታቸውን አውልቀው ነጠላቸውን ሲያጣፉ፣ ሳምንቱን ሙሉ «ሳራ» እና «ሜሪ» ተብለው የሰነበቱት ሁሉ እንደገና ወይዘሮ ይሆናሉ። የእኔ ሥራ ስም መጻፍ ነበር። ቄሳችን፣ ሁላችንም አባታችን የምንላቸው፣ በጸሎት የሚያነሱትን የክርስትና ስም ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ይነግሩኛል፣ እኔም ምላሴን በጥርሴ ይዤ በደብተሬ እጽፋለሁ። በዚህ የተነሳ እትዬ ውባለም «ጸሐፊዋ» የሚል ስም አወጣችልኝ።

እትዬ ውባለም የእናቴ የልብ ጓደኛ ነበረች፣ እስከዚያ ክረምት ድረስ። የአማን ዝናብ የሚመጣው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ በዚያ ብርድ እናቴን ወገቧን ያዛትና ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረደችም። ኡም ሱማቅ ያለው ቤት እንዳያመልጣት እትዬ ውባለም በእሷ ፈንታ ገባች። እናቴ ድና ስትመለስ ማዳሟ በር ላይ ቆማ፣ «ውባለም ትበቃኛለች» ብላ መለሰቻት። የእትዬ ውባለም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለት ነው፣ ሊያልቅ ደርሶ ስለነበር ያቺን ማዳም ማስቀየም ፈርታ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እናቴ «ቤቴን ነጠቀችኝ» አለች፣ ከዚያ ወዲያ ስሟን አላነሳችም። ዓርብ በመጣ ቁጥር አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ቆመው፣ ሁለቱም ሳይቆርቡ ይመለሱ ነበር። አባታችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ሲሰብኩ መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ያዩ ነበር። እኔም ወገኔን መርጬ፣ እትዬ ውባለም የምትሰጠኝን ከረሜላ እየተቀበልኩ፣ እያየችኝ ሳልበላው እጥለው ነበር።

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ በከተማው ሳይረን ጮኸ። ጦርነት የመጣ መስሎኝ ከአልጋ ሥር ገባሁ፤ እናቴ እግሬን ይዛ እየጎተተች «ሐዝር ነው፣ ሰዓት እላፊ ነው፣ ውጪ!» ትለኝ ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ቆመ፣ ትምህርት ቆመ፣ ዓርብም ጨርሶ ከቤት የማይወጣበት ቀን ሆነ። በኋላ ለጥቂት ሰዓት በእግር መሄድ ሲፈቀድ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ምስር ያላት ለሌላት ከፍላ ደጃፏ ላይ ታስቀምጥና፣ አንኳኩታ ፈቀቅ ብላ፣ «በርቺ» ብላት ትሄድ ነበር። የያዘችው ለራሷ እንኳ የማይበቃት ናት ለሌላዋ የምትከፍለው።

ሆሳዕና ሲቃረብ ግን ሴቶቹን ከረሃቡ ይልቅ ሌላ ነገር አስጨነቃቸው። በሰሞነ ሕማማት ፍትሐት የለም፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ሁሉ ጸሎተ ፍትሐቱ ቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይደረግለታል። በየዓመቱ ማዳማቸውን ለምነው ለዚህ ጸሎት ብቻ የሚመጡ ነበሩ። ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል በሚባልበት በዚያ ዓመት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘጋ። አባታችን የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበር፣ «እኔና ዲያቆኑ እንገባለን። የክርስትና ስማችሁን ላኩልኝ፣ በእናንተ ፈንታ ስማችሁ ይቁም» ብለው መልእክት ላኩ። ጸሐፊዋ መቼም እኔ ነኝ።

ስሞቹ በእናቴ ስልክ በድምፅ ይመጡ ነበር። አንዷ ከዳቡቅ፣ የልብስ ማጠቢያው ከኋላዋ እየጮኸ፣ ማዳሟ እንዳትሰማት በሹክሹክታ የራሷን፣ የእናቷንና የሦስት ልጆቿን ስም ነገረችኝ። ከዚያ የእትዬ ውባለም ድምፅ መጣ። «ጸሐፊዋ፣ ወለተ ሐና ብለሽ ጻፊኝ። እናትሽንም ሰላም በያት፣ ከፈቀደች።» እናቴ ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል ትሪውን ይዛ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ያንን መዞር እንደ ትእዛዝ ቆጠርኩት። የሁሉንም ስም በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ለአባታችን ስልከው፣ የወለተ ሐናን አልጻፍኩም። ረስቼ አይደለም። ደስም ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

በሆሳዕና ማግስት፣ በሕማማት ሰኞ፣ ስልክ ተደወለ። እትዬ ውባለምን ትኩሳት አንገብግቧት፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ከእግር እስከ ራሳቸው በነጭ የተሸፈኑ ሰዎች በአምቡላንስ ወስደዋት፣ የምትኖርበትን ሕንፃ በር አሽገውታል። እናቴ ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ብትሞት በዚህ ሳምንት ነው የምትሞተው፤ በዚህ ሳምንት ለሚሞቱት የሚጸለየው ደግሞ ትናንት አልፏል፤ እሷ የለችበትም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እህል አልወርድልሽ አለኝ፤ ጾም ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። በሕማማት መሳሳምም መጨባበጥም ስለሌለ እናቴ አላቀፈችኝም፤ እኔም ብታቅፈኝ የምናገር እየመሰለኝ ርቄ እቀመጥ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ወደ እትዬ ውባለም እደውል ነበር፣ ስልኳ ዝግ ነው።

የስቅለት ዕለት ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፈን፣ አባታችን እያነበቡ እኛ በክፍላችን እንሰግድ ጀመር። በደህናው ጊዜ ሰው ኃጢአቱን ለካህኑ ተናግሮ፣ በወይራ ቅጠል ጀርባው ጠብ ጠብ ተደርጎ፣ የስግደት ቁጥር ተሰጥቶት ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ያን ዕለት አባታችን ከሰዓት በኋላ በየተራ በስልክ ተቀበሉን። እናቴ ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገብታ ዘጋች፣ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ቀጥሎ እኔ ገባሁ።

«አባታችን፣ ስም አስቀርቻለሁ።»

«የማንን?»

«የእትዬ ውባለምን። ሆን ብዬ ነው።»

«ወለተ ሐናን? እሷንማ ከሁሉ በፊት ነው ያነሳኋት። ያንቺ ዝርዝር ሳይደርሰኝ እናትሽ ደውላ፣ ‹ልጄ ልትዘላት ትችላለች፤ ውባለም እንዳትቀርብኝ› አለችኝ። ቂም ይዞ ጸሎት የለም ስል ከረምኩ፣ እናትሽ ቂሟን እንደያዘች ጸለየችልኝ! እኔ እንደነገርኩሽ እንዳታውቅ ታዲያ፤ አፍራ ትተወዋለች።»

ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። የእናቴን ቂም እንደ ትምህርት አጥንቼው ነበር፤ ከቂሙ ሥር ያለውን ግን አላየሁትም።

«እንግዲያው ኃጢአት የለብኝም?» አልኩ።

«አለብሽ እንጂ። ስሟን የጠራችው እናትሽ ናት፤ ባንቺ በኩልማ ቀርቷል። አርባ አንድ ስገጂ፣ አርባ አንዱንም ለእሷ።»

ስወጣ እናቴ ብርድ ልብሱን መሬት ላይ አጥፋ ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። ከሕንፃው ደጃፍ ካለችው፣ አረቦቹ ዘይቱን ከሚሏት የወይራ ዛፍ አንድ ቀንበጥ ቆርጣ ይዛለች። ሥርዓቱ የካህን ነው፤ እሷ ግን ጀርባዬን ቀስ አድርጋ ነካ ነካ አደረገችኝና ቀንበጡን ሰጥታኝ ጎንበስ አለችልኝ።

«ስንት አሉሽ?»

«አርባ አንድ።»

«ኧረ! በዚህ ዕድሜሽ ምን ሠርተሽ ነው?»

«አንቺንስ?»

«መቶ። ዝም ብለሽ ስገጂ።»

ጎን ለጎን ሰገድን። ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ ወገቧን እየያዘች ትነሳለች፣ ደግማ ትወድቃለች። የእኔ አርባ አንድ አልቆ እሷ ገና ሠላሳም አልደረሰችም ነበር፤ ሳልጠየቅ አብሬያት ቀጠልኩ። አንዳችን ለሌላችን ሳንናገር ለአንዲት ሴት ነበር የምንሰግደው።

በፋሲካ ጠዋት እናቴ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ፣ «ውባለም፣ እኔ ነኝ፣ ዘርፌ። ቤቱ ያንቺ ይሁን፣ አንቺ ብቻ ተነሽልኝ» አለች። መልእክቱ ሳይከፈት ቀናት አለፉ። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ፣ ተስፋ በቆረጥንበት ሰዓት፣ የሻከረ ድምፅ መጣ። «ዘርፌ፣ የዚያን ቤት ደረጃ ረሳሽው እንዴ? እኔ ትንፋሽ የለኝም፣ አንቺው ውሰጂልኝ።» እናቴ እየሳቀች አለቀሰች፣ እኔም ተከተልኳት።

በበጋው ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት ሁላችንም በማስክ፣ ተራርቀን ቆምን። እትዬ ውባለም ከስታ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልጸና ብሎ፣ ግድግዳ ይዛ ገባች። እናቴ የተሰመረውን መስመር ሁሉ አልፋ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ርቀት ያስጠብቅ የነበረው ዲያቆንም ፊቱን አዞረ። በመጸው የዓርቡ ሰዓት እላፊ ተመልሶ እስኪዘጋብን ድረስ አብረው ቆረቡ፣ የኡም ሱማቁንም ቤት በየተራ እየገቡ ሠሩት።

አሁን እናቴ አገሯ ገብታለች፣ እኔ እዚሁ አማን ነኝ፣ ስም የምሰበስበውም እኔው ነኝ። በሩ ክፍት ነው፣ እንሳሳማለን፣ እንጨባበጣለን፤ ስም ላኪ የተባለች ሴት ግን ሁለቴ ካላስታወስኳት አትልክም። ያኔ ከማጠቢያ ማሽን ኋላ በሹክሹክታ ይላክ የነበረውን አስባለሁ። እናቴ ያን ቀን ለአባታችን ደውላ እንደነበር ማወቄን እስከ ዛሬ አላወቀችም፤ ልነግራት ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እንደ እሷ ልሆን አልቻልኩም፤ የተቀየምኳትን ሴት ከሁሉ አስቀድሜ ማስጠራት ያቅተኛል። ዘንድሮ በሆሳዕና ዋዜማ የአንዲቱን ስም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፣ በአራተኛው ከሁሉ መጨረሻ አስገብቼ ላክሁት።