«ማን ነው የወሰነው?» ሲሉ የኖሩት መምህር ቶለሳ

መምህር ቶለሳ ገለታ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አዳማ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። መርዶውን በስልክ የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ናቸው። «ጋሼሽ ጥለውን ሄዱ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ይህን የምጽፈው ወንጂ አብረዋቸው ላደጉ፣ አዳማ ላስተማሯቸውና ለተከራከሯቸው ሁሉ ነው። እኔ ከተከራካሪዎቹ ወገን ነኝ። እሳቸው ፍልስፍናና ሎጂክ ባስተማሩበት የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ለዓመታት ምሳችንን የበላነው እየተሟገትን ነው።

ጋሽ ቶለሳ የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ የቆራጭ ልጅ ቆራጭ ነው ይላቸው ነበር። አባታቸው እንኳ ሲያድጉ የሚይዙትን ገጀራ ገዝተው አስቀምጠውላቸው ነበር። ይህን ሲያወሩ አባታቸውን አይወቅሱም። «ከንቀት የመጣ ትንቢት ቀላል ነው፤ ትጣላዋለህ። ከፍቅር የመጣውን ግን በምን አንጀትህ እምቢ ትላለህ?» ይሉ ነበር። እሳቸው ግን እምቢ ብለው ተማሩ።

በሙግታችን እኔ ሰውም ማሽን ነው ባይ ነበርኩ። አንጎላችን ያየውንና የሰማውን አስልቶ መልስ ይሰጣል፤ እኛ ደግሞ «መረጥኩ» እንላለን፤ ኮምፒውተርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው እላቸው ነበር። አይቆጡም። አንድ ቀን ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ልክ ትሆኚ ይሆናል። ግን ማሽን ነህ ተብሎ የከፋው ሰው አይቻለሁ፤ ማሽን ነህ ተብሎ የከፋው ማሽን ገና አላየሁም። ያየሁ ቀን ጥብቅና የምቆምለት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ሙግቱ ከሻይ ጠረጴዛ ወጥቶ ሰው ላይ የደረሰው ኮሌጁ አዲስ ፕሮግራም ባስገባ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ የአመልካቾችን ውጤት፣ የመጡበትን ከተማና የቤተሰባቸውን ኑሮ አይቶ ማን ትምህርቱን እንደሚጨርስ፣ ማን እንደሚያቋርጥ ይገምታል። ያቋርጣል የተባለ አይገባም። ሃዊ የምትባል የቡልቡላ ልጅ ነርስነት ልትማር መጥታ በዚሁ ተመለሰች። ጋሽ ቶለሳ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኟት። በኦሮምኛ አነጋገሯት፤ ነገሩን ሲሰሙ ሻንጣዋን ራሳቸው አንጠልጥለው «ኮቱ፣ ነይ እንግባ» አሏት። እኔም ተከተልኳቸው።

ሬጅስትራሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ልጅቷን የከለከላት ኮምፒውተሩ እንደሆነ፣ እሱ ምንም ማድረግ እንደማይችል በትሕትና ነገራቸው።

«ኮምፒውተሩ እንዳትገባ ፈልጎ ነው?» አሉት።

«አይ ጋሼ፣ እሱማ ምን ይፈልጋል።»

«ታዲያ የፈለገው ማን ነው?»

ሬጅስትራሩ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች መደርደር ጀመረ።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ አያፍርም፤ ሐሳቡንም አይለውጥም። አንተ ግን ሁለቱንም ትችላለህ። ወይ "የከለከልኩሽ እኔ ነኝ" በላትና እንሂድ፤ አለዚያ እዚሁ ነን።»

ተቀመጡ። ያኔ ቀኝ እጃቸው በሕመም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር በግራቸው ይዘውት ነበር። ቢሮው እስኪዘጋ ቆዩ፤ በማግሥቱም ከልጅቷ ጋር ተመለሱ። ዲኑ አስጠርቶ ውላቸውን እንደማያድስላቸው ሲነግራቸው፣ ይህ ውሳኔ ቢያንስ ባለቤት አለው ብለው አመስግነውት ሬጅስትራሩ ቢሮ ወዳለው ወንበራቸው ተመለሱ። በመጨረሻ ሬጅስትራሩ ማንም ሳያዘው የሃዊን ስም በእጁ ጽፎ ፈረመላት። ጋሽ ቶለሳ ደግሞ ዲኑ እንዳለው ከሥራ ተሰናበቱ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኛ ለወዳጆቻቸው በተመቸን ነበር። ሃዊ ግን በሁለተኛው ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች። ኮሌጁ ውስጥ የሳቁ ሰዎች ነበሩ። እኔም ቤታቸው ሄጄ ማሽኑ ልክ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ልጅቷን ጠየቅሻት?» አሉኝ።

አልጠየቅኋትም። እሳቸው ግን ጠይቀዋታል። ሃዊ ነርስነቱን ገብታ ስታየው አልወደደችውም፤ የምትወደው መኪና ስለነበር መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ሄዳለች። ዛሬ በአዳማና በቡልቡላ መካከል ሚኒባስ ትነዳለች።

«እኔ የተሟገትኩት እንድትጨርስ አይደለም» አሉኝ። «በር ተዘግቶባት መቅረትና ገብታ አይታ "ይህ የእኔ አይደለም" ብላ መውጣት ለዚያ ዕቃ አንድ ነው፤ ሁለቱንም "አልጨረሰችም" ብሎ ይመዘግባል። ለአንቺም አንድ ከሆነብሽ ግን ያን ሁሉ ምሳ በከንቱ ነው የበላነው።»

እትዬ አስናቀች ከጓዳ ሆነው ሳቁብኝ።

ሕመሙ እየበረታ ሲሄድ ጋሽ ቶለሳ እጃቸውን ከሰው አልሸሸጉም። እንግዳ ሲመጣ ያንኑ የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጅ ይዘረጋሉ። ግራቸውን እንዲሰጡ የመከራቸውን ጎረቤት፣ «የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው፤ የምዘረጋው ግን እኔ ነኝ» አሉት። ካልጋ መነሣት ካቃታቸው በኋላም እንኳ እንዲሁ ነበሩ።

ጋሼ፣ ሙግታችንን ሳንጨርስ ሄዱ። ሰው ነፃ ፈቃድ እንዳለው አላረጋገጡልኝም፤ እኔም እንደሌለው ላሳይዎ አልቻልኩም። ቀብርዎ ላይ አንድ ሽማግሌ ሁሉም አስቀድሞ የተጻፈ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ እስኪመሽ አይለቋቸውም ነበር ብዬ ፈገግ አልኩ። ከቀብርዎ ማግሥት ዲኑ ጠርቶኝ ያ ፕሮግራም መምህራንንም እንዲመርጥና እንዲያሰናብት አድርጌ እንዳዘጋጀው አዘዘኝ። አላደርገውም አልኩት። ይህን የተናገረው አስልቶ የጨረሰ አንጎሌ ይሁን ወይም እኔ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አላውቅም። ማን ነው የወሰነው ተብዬ ስጠየቅ ግን የምሰጠው የራሴን ስም ነው። ደኅና ይሁኑ፣ ጋሼ።